ጌሜን «እናሳድግልሃለን» ብለው 8 ሺህ ብር የወሰዱት ቢሮ፣ እና ያለ ብር የሠራልኝ ነገር

ኮከቡን መጀመሪያ ላስቀምጠው። ከ5 ኮከብ 1። እሱንም የሰጠሁት ሻይ ስለጋበዙኝ ነው።

የምጽፍላችሁ ባሕር ዳር ውስጥ ስላለ አንድ ቢሮ ነው። በሩ ላይ «አፕዎንና ጌምዎን እናሳድጋለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ስሙን አልጠራም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዛሬ ስማቸውን ባነሳ ነገ ጊዮርጊስ አካባቢ ፊት ለፊት መገጣጠማችን አይቀርም። ግን እንደ እኔ ማታ ማታ ጌም የምትሠሩ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ በተለይ ፖሊ ግቢ። ብራችሁን ይዛችሁ ደረጃውን ከመውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ቢሮው ካቃጠለኝ በኋላ ራሴ የነካካሁትን የጉግል ፕሌይ ኮንሶልንም (ጌም ሠሪው ጌሙን ፕሌይ ስቶር ላይ የሚጭንበትና የሚከታተልበት ገጽ ነው) አብሬ እገመግማለሁ። እሱ አካውንት አንዴ ከከፈታችሁ በኋላ ነጻ ነው፣ ኮከቡም ሌላ ነው።

ጌሜ ቀላል ናት። ባጃጅ ስትጠብቁ የምትከፍቷት፣ ባጃጁ ሲመጣ የምትዘጓት ዓይነት። አንዲት የደንገል ታንኳ አለች። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ስታሳርፉ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ስታነሱ ወደ ቀኝ። ቀረሶ ከያዛችሁ 1 ነጥብ፣ አምባዛ ከያዛችሁ 3። እምቦጭ ውስጥ ከገባችሁ ትዘገያላችሁ። ጉማሬ ከነካችሁ አለቀ፣ ትገለበጣላችሁ። ሐሳቡ የመጣልኝ ልጅ ሆኜ ካየሁት ነው። ሰዎች ከዘጌ እንጨት ጭነው በታንኳ ሲመጡ ዳር ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ጭነቱ ከመብዛቱ የተነሳ ታንኳዋ አትታይም፤ እንጨቱ ብቻውን ሰው አስቀምጦ የሚንሳፈፍ ነው የሚመስለው። «አሁን ሰመጠ፣ አሁን ሰመጠ» እያልኩ እጠብቃለሁ። አይሰምጥም። ያንን ጭንቀት ነው ጌም ያደረግኩት።

የሠራሁት ጎዶት በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፣ ነጻ ስለሆነ። ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ወር መብራትና ኔት መጠበቅ ነው።

ፕሌይ ስቶር ላይ አካውንት ለመክፈት 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ከፍሎ ማረፍ። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል፤ ስለዚህ አይፎን የያዛችሁ ወዳጆቼ ይቅርታ፣ እናንተ ለጊዜው ሐይቁን በዓይናችሁ እዩት። ችግሩ ግን 25ቷ ዶላር አይደለችም። ከፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ወዲህ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በሞካሪዎች ማስሞከር አለበት። መጀመሪያ 20 ሞካሪ ነበር የሚባለው፣ በኋላ ወደ 12 ወረደ። 12 ሰው፣ ለ14 ቀን፣ ሳያቋርጥ። አሁን እስቲ 12 ሰው ቁጠሩ። ሁለት ወንድሞቼ፣ ጸጉር አስተካካዬ፣ ስድስት የግቢ ጓደኞች፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ልጅ። አንድ ጓደኛዬ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ውሃ ውስጥ ገባና ሌላ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። መጨረሻ ላይ 12ኛዋ ሰው ማን ሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣባቸው እትዬ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ብር አይቆርጥብኝም?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ምንም አይቆርጥብዎትም፣ እንዲያው አንዳንዴ ይክፈቱት።»

አንዳንዴ ብዬ ነበር። ጀበናው እስኪፈላ ይጫወታሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ከማውቀው ሰው ሁሉ ትልቁ ነጥብ የእሳቸው ነው፤ እኔ የሠራሁት ሰውዬ ግማሹን አልደርስም።

ጌሟ ወጣች። በመጀመሪያው ወር 41 ሰው ዳውንሎድ አደረገ። 41ዱንም በስም እጠራቸዋለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ጌም ይጫወታል፣ የእኔን ግን የሚጫወት የለም። ብሶ ብሶ ራሴ ፕሌይ ስቶር ላይ ገብቼ «ታንኳ» ብዬ ስፈልግ የራሴን ጌም አጣኋት። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ የለችም። ሌላ ሰው እንዴት ያግኛት?

በዚህ ብሽቀት ላይ ሆኜ ነው ጓደኛዬ ስለ ቢሮው የነገረኝ።

ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሶፋ አለ፣ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ መስመር አለ። የማን መስመር እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ሻይ መጣ። ልጁ ተናጋሪ ነው። «ብሮ፣ የአንተ ችግር ጌሙ አይደለም፣ ጌሙ አሪፍ ነው፣ ችግሩ አለመታየት ነው» አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። ጌሙን እንዳልከፈተው ያወቅኩት ግን «ታንኳ እሽቅድድም» ብሎ ሲጠራው ነው። እሽቅድድም የሚባል ነገር የለውም።

ከዚያ ፍላፒ በርድ የሚባለውን ጌም አነሳልኝ። «ማን ያውቀው ነበር? ታየ፣ በቃ፣ ልጁ ሚሊየነር ሆነ።» ይሄን ወሬ ብዙ ጊዜ ስለምሰማው ትንሽ ላቁም። ፍላፒ በርድን የሠራው ዶንግ ንጉየን የሚባል ቬትናማዊ ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 2013 አወጣው። ለወራት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ጃንዋሪ 2014 ላይ ገነፈለና የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ልጁ ራሱ በቃኝ ብሎ ከስቶሩ አወረደው። አመንግ አስ የሚባለው ጌምም እንዲሁ ነው። 2018 ወጣ፣ ሁለት ዓመት ጥግ ላይ ተቀምጦ ከረመ፣ 2020 ላይ በቀጥታ እየተጫወቱ ለሕዝብ የሚያሳዩ ልጆች አነሱትና ፈነዳ። ከሁለቱ አንዱም ሁለተኛ ፎቅ ላይ 8 ሺህ ብር ከፍሎ አይደለም። ይሄን ሁሉ ያኔም አውቅ ነበር። አውቄም ከፈልኩ። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ነው።

ፓኬጁ «ወርቅ» ይባላል። 8 ሺህ ብር። በ10 ቀን 5 ሺህ ዳውንሎድ፣ 200 ባለ 5 ኮከብ ኮሜንት፣ «የፍለጋ ማስተካከያ»። በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ቴሌብሩ ራሱ ደረሰኝ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የነኩት ስሙን ነው። የእኔ ርዕስ «ታንኳ» ብቻ ነበር። እነሱ «ምርጥ 1ኛ የታንኳ ጌም በነጻ» አደረጉት፣ መጨረሻ ላይ የእሳት ኢሞጂ ጨምረው። ጉግል በ2021 የርዕስን ርዝመት ከ50 ወደ 30 ፊደል ሲያሳጥር አብሮ ያወጣው ደንብ አለ፤ ርዕስ ላይ «ምርጥ»፣ «ቁጥር 1»፣ «በነጻ» የሚሉ ማሻሻጫ ቃላትና ኢሞጂ አይፈቀዱም። ይሄን ጌም እናሳድጋለን የሚል ሰው ካላወቀ ማን ይወቀው? ጉግል አፕዴቱን አልቀበልም ብሎ መለሰው። ስደውልለት «ሲስተሙ ነው፣ ያልፋል» አለኝ። አላለፈም፣ ራሴ ገብቼ አወጣሁት።

ሁለተኛ፣ መግለጫውን። መግለጫው 4,000 ፊደል ድረስ ይይዛል። እኔ የጻፍኩት ሦስት መስመር ነበር፣ አጥሯል ማለታቸው ልክ ነው። ግን የጨመሩት ምን መሰላችሁ? የታወቁ ጌሞችን ስም። ከረሜላውም፣ ወፉም፣ ኳሱም፣ መኪናውም፣ ሁሉም በኮማ ተደርድረው። ሰው ከረሜላ ሲፈልግ የእኔ ታንኳ እንድትመጣለት ማለት ነው። ይሄም ክልክል ነው። ባይከለከልስ? ከረሜላ የፈለገ ሰው ጉማሬ ሲያጋጥመው ምን ይለኛል?

ሦስተኛው ዳውንሎዱ ነው። እዚህ ላይ ቃላቸውን ጠብቀዋል ማለት ይቻላል። አራተኛው ቀን ላይ ከእንቅልፌ ስነሳ በአንድ ሌሊት 900 ሰው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ለእናቴ ደወልኩ። ከዚያ ኮንሶሉ ላይ በአገር ከፋፍዬ አየሁት። ኢትዮጵያ፦ 3። የቀሩት በሙሉ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን ከማላውቃቸው ሁለት አገሮች። ጌሟ ደግሞ ያኔ አማርኛ ብቻ ነው የምትናገረው። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ወደ ኮሜንቱ ሄድኩ። «ናይስ አፕ»። «ናይስ አፕ»። «ጉድ ጌም»። እንደገና «ናይስ አፕ»። አንደኛው ግን ገደለኝ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፣ ወደ እኛ ስመልሰው «ዕቃው በሰላም ደርሶኛል፣ ማሸጊያው ጥሩ ነው» ይላል። 5 ኮከብ። ታንኳዋን በካርቶን የላክሁለት መሰለው።

በማግስቱ ከ900ው አብዛኛው አንኢንስታል አደረገ። በሳምንቱ «ናይስ አፕ»ዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ጉግል የሐሰት ኮሜንት ያጸዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት በፍርሃት ነው፤ ዳውንሎድና ኮከብ በማጭበርበር ማብዛት ጌምን ከስቶሩ የሚያስወርድ፣ ሲብስም አካውንት የሚያዘጋ ጥፋት ነው። አስቡት፣ 12 ሰው ለምኜ፣ እትዬን አስቸግሬ ያወጣኋት ጌም።

«ታንኳ» ብዬ ስፈልግስ? አሁንም የለችም።

አራተኛ ነገር አለ፣ እሱን ሳይሠሩት አስቆምኳቸው። «5 ኮከብ ለሰጠ ተጫዋች 100 ሳንቲም በጌሙ ውስጥ ሸልም» አሉኝ። ይሄም ክልክል ነው። ከዚህ በኋላ መደወል አቆምኩ።

አሁን ወደ ነጻው ዕቃ።

ፕሌይ ኮንሶልን ሁሉም የጌም ሠሪ ይከፍተዋል፣ ግን አብዛኞቻችን ፋይል ጭነን የዳውንሎድ ቁጥር አይተን እንዘጋዋለን። ውስጡ ግን ለትንሽ ጌም የሚበቃ ነገር ሞልቷል። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩበትን ከታች እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የገባኝ ነገር የፍለጋው ጉዳይ ነው። አፕል ላይ ለፍለጋ ቃላት ብቻ የተመደበ፣ ሰው የማያየው ባለ 100 ፊደል ቦታ አለ። ጉግል ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ የሚያነበው ርዕሱን፣ 80 ፊደል የሚይዘውን አጭር መግለጫ እና ረጅሙን መግለጫ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሰው ምን ብሎ ይጽፋል ነው። ይሄን ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ያሉትን ጁስ ቤቶች እየዞርኩ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ለመንኩ። «እስቲ ፕሌይ ስቶር ላይ አሳ የሚያጠምዱበት ጌም ፈልግልኝ።» ሌላ ምንም አላልኩም፣ ጣታቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ጉድ ነው። አንዱ «አሳ» አለ። አንዷ «ዓሣ»። ሌላው «አሣ»። አንድ ልጅ «ዓሳ»። አንድ ቃል፣ አራት አጻጻፍ፣ ሁሉም ትክክል ነኝ ባይ። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፣ ለማሽን ግን ሌላ ሌላ ፊደል ነው። ከግማሽ በላዩ ደግሞ ጭራሽ በላቲን ፊደል ነው የጻፈው፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። ምክንያቱም ኪቦርድ ለመቀየር ማን ይለፋል። ሁለቱ ደግሞ «የአማርኛ ጌም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብቻ ጻፉ። «ታንኳ» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም! እኔ ግን ርዕሴ ላይ ያለችው ብቸኛ ቃል እሷ ነበረች።

ርዕሱን «ታንኳ፦ የጣና ዓሣ ጨዋታ» አልኩት። ቁጠሩት፣ ክፍት ቦታውንም ጨምራችሁ 20 እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ደግ ነው። ፈረንጅ «ታ» ለማለት ሁለት ፊደል ያወጣል፣ እኛ በአንድ እንጨርሳለን፤ 30 ፊደል ለእነሱ ጠባብ ጓዳ ነው፣ ለእኛ አዳራሽ። በቀረው ቦታ በእንግሊዝኛ «የአሳ ጌም» የሚለውን ጨመርኩበት። የቀሩትን አጻጻፎች ረጅሙ መግለጫ ውስጥ በተፈጥሯቸው አስገባኋቸው፣ አንዱን አንቀጽ «አሳ»፣ ሌላውን «ዓሳ»። ደርድሬ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። የቋንቋ መምህሬ ቢያይ በቀይ እስክሪብቶ ይጨርሰኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ያሳፈረኝ ነው። ኮንሶሉ ገጻችሁን በተለያየ ቋንቋ እንድትጽፉ ይፈቅዳል፣ አማርኛም አለ። እኔ በኩራት አማርኛውን በአማርኛው ቦታ፣ እንግሊዝኛውን ዋናው ገጽ ላይ አድርጌ ነበር። የአማርኛው ገጽ ግን የሚታየው ስልኩን አማርኛ ላደረገ ሰው ነው። ስልኩን አማርኛ ያደረገ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ እትዬን ብቻ ነው የማውቀው፣ እሳቸውንም ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። የቀረነው ሁላችንም አማርኛ እያወራን ስልካችን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የለፋሁበት የአማርኛ መግለጫ ለወራት ያነበበው የለም። ዋናው ገጽ ላይ ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅዬ ስጽፍ ነው ነገሩ መነቃነቅ የጀመረው። ይሄን 8 ሺህ ብር የከፈልኩት ቢሮ ቢነግረኝ ኖሮ፣ እምላለሁ፣ 5 ኮከብ እሰጠው ነበር።

አይኮኑ። የመጀመሪያው አይኮኔ ቆንጆ ነበር፤ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሐይቁ ወርቅ ሲመስል፣ መሐል ላይ ታንኳ፣ ከላይ ጽሑፍ። በ512 በ512 ፒክስል ስትጭኑት ሥዕል ነው። ስልክ ላይ የጥፍር ያህል ሲሆን ግን የተጠበሰ እንቁላል ይመስላል። ሥዕል የምትሥል አንዲት ልጅ አገኘሁ፣ 1,500 ብር እና አንድ ምሳ (የተጠበሰ ቀረሶ፣ ከነዳጣው) ጠየቀችኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ የትም ብትቆሙ ያዩአችኋል። ልጅቷ አንድ ቀረሶ ሣለች፣ በዚያ ዓይን። ከጀርባው ሰማያዊ ብቻ። ጽሑፍ የለ፣ ጀምበር የለ። ዓሣው ከስልኩ ውስጥ ያፈጣል።

ኮንሶሉ ላይ ሁለት አይኮን አወዳድሮ የሚሞክር መሣሪያ አለ። ለግማሹ ጎብኚ አሮጌውን፣ ለግማሹ አዲሱን ያሳያል፣ የትኛው የበለጠ ኢንስታል እንዳስደረገ ይነግራችኋል። እጅግ አሪፍ ነገር ነው፤ ጎብኚ ካላችሁ። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። የእኔ ገጽ በቀን የሚያየው ሰው ጥቂት ስለሆነ መሣሪያው ለሳምንታት «ገና መረጃ ያስፈልገኛል» እያለ ነው የከረመው። አምስት ሳምንት ጠብቄ ነው ዓሣው አሸነፈ ያለኝ። ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ለእኛ የሁዳዴ ጾም ያህል ይረዝማል። አማራጭ ሲበዛ ደግሞ ጎብኚው ስለሚከፋፈል ይብሳል፤ ሁለት ብቻ አወዳድሩ፣ ልዩነታቸውም ከሩቅ የሚታይ ይሁን።

ስክሪንሾቱን ግን ሳልሞክር ነው የቀየርኩት፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ስክሪንሾቴ «ጀምር» የሚል ቁልፍ ያለበት ባዶ ገጽ ነበር። ማን ያየዋል ያንን? አሁን ጉማሬው አፉን ከፍቶ ታንኳዋ ልትገለበጥ ስትል ያለው ነው የሚቀድመው። አጭሩ መግለጫ ላይ ደግሞ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» የሚል ጨመርኩ። ሌላ አገር ይሄ ማስታወቂያ አይሆንም ይሆናል፣ እዚህ ግን ኔት ጠፍቶ መክረም ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ከዚያ ክብደቱ። ጉግል በ2017 ባወጣው ጽሑፍ የአንድ አፕ ክብደት በ6 ሜጋባይት በጨመረ ቁጥር የሚጭነው ሰው በ1 በመቶ ይቀንሳል ብሏል። የእኔ 74 ሜጋባይት ነበር። ምኑ ነው እንዲህ ያከበደው ብዬ ስከፍተው ማሲንቆው ነው። አንድ አዝማሪ ወዳጄ 4 ደቂቃ ተጫውቶልኝ በዋቭ ፋይል (ባልታመቀ ድምፅ) እንዳለ ነበር የከተትኩት፤ ብቻውን 40 ሜጋባይት። ድምፁን አምቆ ወደሚይዘው ኦግ ፋይል ቀየርኩት፣ 4 ሆነ። ጌሟ 38 ሜጋባይት ወረደች። ማሲንቆው አልተለወጠም፣ ቢያንስ በስልክ ስፒከር።

የመጨረሻውን ትልቅ ነገር ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ኮንሶሉ ጌም የሚዘጋበትን ብዛት ይቆጥራል። በቀን ከሚጫወቱት ሰዎች ከ1.09 በመቶ በላይ የሚሆኑት እየተጫወቱ ድንገት ከተዘጋባቸው ጉግል ጌሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ በፍለጋም በጥቆማም። በአንድ ዓይነት ስልክ ላይ ብቻ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ በዚያ ስልክ ላይ ይደብቀዋል፣ ወይም ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። የእኔ ከመስመሩ በላይ ነበር። ማለት እነዚያ የቢሮው ሰዎች ቃላት ሲደረድሩ ጌሟን ወደ ታች የሚጎትታት ሌላ ነገር ነበር፣ እሱም ፔሊካኗ። ፔሊካን በየ500 ነጥቡ ትመጣለች፣ ሥዕሏን 4096 በ4096 አድርጌ ነው የከተትኳት፣ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ላይ ስትከሰት ጌሙ ይዘጋል። የጸጉር አስተካካዬ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ነበር የሚዘጋው። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ወፏ ስትመጣ የሚያልቅ መስሎኝ» አለኝ። ሥዕሏን ወደ 512 አሳነስኩ። ቁጥሩ በሁለት ሳምንት ከመስመሩ በታች ወረደ።

አሁን እንዴት ናት? ሚሊየነር አልሆንኩም። «የአሳ ጌም» ብሎ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ለሚፈልግ ሰው ከላይ ባትሆንም ሳይሰለች ያገኛታል። በቀን 20፣ 30 አዲስ ሰው ይመጣል፣ የማላውቃቸው፣ ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ። ኮሜንታቸው «ናይስ አፕ» አይደለም። አንዱ 2 ኮከብ ሰጥቶ «እምቦጩ በዛ፣ ጣና እንኳ ይሄን ያህል የለውም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፣ ቀነስኩና መለስኩለት፣ ወደ 4 ከፍ አደረገው። ሌላዋ «ጉማሬው ለምን አይሞትም» ትላለች። አይሞትም እህቴ፣ ተይው።

አስተያየት ጠይቁ ስትባሉ መቼ እንደምትጠይቁ አስቡበት። እኔ መጀመሪያ የኮከብ መጠየቂያውን ሰው ሲገለበጥ ነበር የማወጣው። ጉማሬ ገልብጦት የተናደደ ሰው ስንት ኮከብ ይሰጣል? አሁን የራሱን ሪከርድ ሲሰብር ብቻ ነው የማወጣው።

ቢሮው ብሬን እንዲመልስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። አንዴ «አለቃ የለም» አሉኝ፣ አንዴ «ወርቅ ፓኬጅ ተመላሽ የለውም፣ ብር ፓኬጅ ብትገዛ ኖሮ» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በዚያ በኩል ሳልፍ በሩ ላይ አዲስ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። «ያሳደግናቸው ጌሞች» ይላል። መጀመሪያ ላይ ያለው የእኔ ነው። ያውም በአዲሱ አይኮን፤ ዓሣው ከነዓይኑ መንገደኛውን አፍጥጦ ያያል። ወጥቼ አንሱት አልኳቸው። «እሺ ብሮ፣ ሰኞ» አሉኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ዓሣው እዚያው ነው።